«ባንኮክ» ተብሎ ማይናማር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። በቴሌግራም ያገኘው ሰው «ባንኮክ፣ ከስተመር ሰርቪስ፣ በወር 1,200 ዶላር፣ ትኬትና ማደሪያ በኛ» ብሎታል። በቱሪስት ቪዛ ይገባና እዚያ ይቀየርለታል አሉ። እንዴት እናጣራ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እንዲህ ተብለው ከሄዱ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የደረሱት ከታይላንድ ድንበር ማዶ፣ ማይናማር ውስጥ ሚያዋዲ አካባቢ ያሉ የታጠሩ ግቢዎች ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ የታጠቀ ቡድን ለታይላንድ ካስረከባቸው 260 ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እዚያ ሥራው በሐሰት ፎቶ ሰውን በፍቅር እያዋሩ ገንዘቡን ወደ ሐሰተኛ የክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ገበያ ማስገባት ነው፤ ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚችል ምሩቅ የሚታደነውም ለዚሁ ነው። «የሚታለለው ያልተማረ ነው» ማለት እዚህ አይሠራም።

ከሁሉ በፊት ቪዛው ይታይ። ታይላንድ የሚቀጥር ኩባንያ በመደበኛው አሠራር ሠራተኛው ከመነሳቱ በፊት «ኖን ኢሚግራንት ቢ» የተባለውን የሥራ ቪዛ እንዲያወጣ ደብዳቤና የምዝገባ ሰነድ ይልክለታል። በቱሪስት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ቀጥሎ የኩባንያውን 13 አሃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር ይጠይቁ፤ በታይላንድ የንግድ ልማት መምሪያ ድረ ገጽ ይፈለጋል። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም አይዘናጉ፤ የእውነተኛ ኩባንያ ስም ይዋሳሉ። ስለዚህ ደላላው በሰጠዎት ስልክ ሳይሆን ራስዎ ፈልገው ባገኙት ደውለው ቅጥሩ መኖሩን ይጠይቁ። «ነጻ» የተባለው ትኬትም ግቢ ሲገባ ዕዳ ሆኖ ይቆጠርበታል።

አልሰማም ብሎ ከሄደ፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ ያለማቋረጥ እንዲያሳይዎት አድርጉ። ድንበር ላይ ያለችው ሜ ሶት ከባንኮክ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከኤርፖርት የወሰደው መኪና ለሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላም አውራ ጎዳና ላይ ከሆነና ምልክቶቹ «ታክ» ወይም «ሜ ሶት» ካሉ፣ በመጀመሪያው የፖሊስ ኬላ ይናገር፤ ወይም 1155 (የቱሪስት ፖሊስ) አለዚያም 1300 (የማኅበራዊ ድጋፍ መስመር) ይደውል። ድንበሩ የሆነውን የሞዪ ወንዝ ከተሻገረ የታይላንድ ፖሊስ ሥልጣን እዚያ ያበቃል።

ጥያቄ፦ በፈቃዱ ሄዶ ውል የፈረመ ሰው የሰው ንግድ ተጠቂ ይባላል?

መልስ፦ አዎ። በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል (በሰው መነገድን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት) ሦስት ነገር ያያል፦ ድርጊቱን (መመልመል፣ ማጓጓዝ)፣ መንገዱን (ማታለል፣ ማስገደድ) እና ዓላማውን (ብዝበዛ)። ተታሎ የሰጠው ፈቃድ ዋጋ የለውም። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ማታለሉን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። የእኛም አዋጅ 1178/2012 በሰው መነገድን በከባድ ወንጀልነት ይቀጣል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በንዴት የቴሌግራሙን ውይይት ያጠፋል፤ ይህ ማስረጃውን መጣል ነው። የተጠቃሚ ስሙና ስልኩ በሚታይበት ስክሪንሹት ያስቀሩት፤ ደላላው አካውንቱን ሲዘጋ ሌላ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ሳዑዲ በቤት ሠራተኝነት የምትሄድ እህቴን ኤጀንሲው ለቪዛና ለትኬት ክፈዪ አላት። ሕጋዊ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአዋጅ 923/2008 ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ መድን የአሠሪው ወጪ ናቸው። እህትዎ የምትሸፍነው ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ማረጋገጫና የብቃት ምዘና ነው። የተከፈለ ካለ ማስረጃውን ይዛ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ታመልክት።