አረንጓዴው ሲበራ ቀዩ ለምን ይንቦገቦጋል?

ሐዋሳ ውስጥ የአንድ የቴአትር ክበብ አዘጋጅ የሆኑ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦

«ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ካሳተመው፣ መድኃኒት ቀምሞ በጎና ክፉ ማንነቱን ከነጣጠለው ሐኪም ታሪክ ተነሥተን ሙዚቃዊ ተውኔት እያዘጋጀን ነው። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ተዋናይ ብቻውን ቆሞ ሐኪሙንም ክፉውንም ሆኖ እየተፈራረቀ ይዘፍናል። ለሐኪሙ አራት ቀይ፣ ለክፉው አራት አረንጓዴ ፓውዛ ሰቅለናል፤ እያንዳንዱ 500 ዋት ነው። አረንጓዴዎቹን በሙሉ አብርተን ከቀዮቹ አንዱን ብቻ ስናስቀር ያ አንዱ ከልክ በላይ ይንቦገቦጋል፤ አረንጓዴዎቹ ግን ይደበዝዛሉ። በአንድ ሳምንት ሁለት አምፖል ተቃጥሎብናል። ስፒከሮቹ ያጉረመርማሉ፤ ባለፈው ልምምድ ደግሞ ማይኩ ተዋናዩን ከንፈሩ ላይ ነዘረው። ፊቱ ላይ የቀባነው ቀይ መስመርም በአረንጓዴው ብርሃን ጎልቶ መውጣት ሲገባው አይታይም። ስታቢላይዘር ብንገዛ ይስተካከላል?»

አይስተካከልም። ስታቢላይዘሩን አይግዙ፤ ገንዘቡን ለኬብል ያቆዩት። አራት የተለያዩ ችግሮች የገጠሙዎት መስሎዎታል፤ እኔ ግን ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ የጠረጠርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የላላ ኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከአምፖሎቹ የሚመለስበት የጋራ ሽቦ ነው። አምፖል የሚደበዝዝበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከተሠራለት በላይ የሚደምቅበት ምክንያት ግን በጣም ጥቂት ነው። የአንዱ ወገን መብራት ሲቀነስ ያው ወገን የሚደምቅ፣ ሌላው ደግሞ የሚደክም ከሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች በሁለት የተለያዩ ፌዞች (ኤሌክትሪኩን በሚያመጡ ሽቦዎች) ላይ ተሰክተው የጋራ መመለሻቸው በመንገድ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው። የላኩት የመድረክ ጀርባ ቦርድ ፎቶግራፍም ጥርጣሬዬን አጠናክሮታል፤ ሦስቱ የፌዝ ሽቦዎች ወፍራም ሆነው ሳለ ሰማያዊው፣ ማለትም ኒውትራሉ፣ ቀጭን ነው፣ መሐሉ ላይ ተጠምዝዞ የተቀጠለ ነው፣ የተጠቀለለበት ናስትሮም በሙቀት ቀልጦ ያብረቀርቃል።

ወደ ጥገናው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ደግሜም እለዋለሁ። የአዳራሹ ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ሳይጠፋ ያንን ሰማያዊ ሽቦ ማንም እንዳይነካው። «ኒውትራል ነው፣ አይነዝርም» የሚለው አባባል የሚሠራው ኒውትራሉ ደኅና ሲሆን ነው። የለቀቀ ኒውትራል በአምፖሎቹ በኩል ከፌዙ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ቅጥያውን ከፍቶ ሁለቱን ጫፍ በእጁ የሚይዝ ሰው ራሱ መመለሻ ሽቦ ይሆናል። ዋናውን ያጥፉ፣ ሳጥኑን ይቆልፉ፣ ቁልፉም በሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን እንጂ በአዳራሹ ዘበኛ እጅ አይቅር።

ለማረጋገጥ መልቲሜትር ይበቃል። ገመዶቹን ሳይነኩ፣ የሜትሩን መንኮራኩር በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ የቀዮቹንና የአረንጓዴዎቹን ሶኬት በየተራ ይለኩ። ሁለቱም በ220 ቮልት አካባቢ መሆን አለባቸው። አረንጓዴዎቹን ሙሉ ሲያበሩ የቀዩ ሶኬት ወደ 260 ወይም ከዚያ በላይ ወጥቶ የአረንጓዴው ወደ 170 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግዎትም። ኒውትራሉ ሙሉ በሙሉ ቢለቅና በሦስተኛው ፌዝ ላይ ያለውን ብንተወው፣ አንዱ ቀይና አራቱ አረንጓዴ በሁለቱ ፌዞች መካከል ባለው 380 ቮልት ላይ ተከታትለው የተሰኩ ይሆናሉ፤ በስሌት ቀዩ 304 ቮልት፣ አረንጓዴዎቹ 76 ቮልት ይደርሳቸዋል። አምፖሎቻችሁን የጨረሰው ይኸው ነው። (ፌዝ የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ቀልድ ማለትም መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ 380 ቮልት ቀልድ አያውቅም።)

ማይኩ የነዘረበትን ምክንያት ደግሞ ከእርስዎ ቦርድ ይልቅ ከእርስዎ በፊት የነካው ሰው ያውቀዋል። በፎቶግራፉ ላይ ከአምፕሊፋየሩ ሶኬት ጀርባ አጭር ሽቦ ይታያል፤ የመሬቱን (የኧርዙን) ቀዳዳ ከኒውትራሉ ጋር አስሮታል። ይህ የስፒከር ጉርምርምታን ለማጥፋት ወይም የመሬት ሽቦ መዘርጋትን ለመሸሽ የሚደረግ አሮጌ ዘዴ ነው፤ እኔ በሰርግ ድንኳኖችና በአዳራሾች ስንት ጊዜ ቆርጬ እንደጣልሁት ቁጥሩን አላውቀውም። ኒውትራሉ ደኅና እስከሆነ ድረስ ማንም አይነቃበትም። ኒውትራሉ በላላበት ቅጽበት ግን የአምፕሊፋየሩ፣ የሚክሰሩ እና የማይኩ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ ተዋናዩ በባዶ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቢቆም ኖሮ የምንነጋገረው ስለ መብራት አይሆንም ነበር። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ገመድ ያለውን ማይክ ማንም አይያዝ፤ ልምምዱም በቀን ብርሃንና ያለ ማጉያ ይሁን።

ብሬከሩንም አይቼዋለሁ። 16 አምፔር የነበረው ስለወደቀ 40 ተደርጓል። የወደቀው እኮ ሥራውን ስለሠራ ነው። አራቱ አረንጓዴዎች 2000 ዋት፣ በዚያው መስመር ላይ የተሰካው የጭስ ማሽን እንደጻፉልኝ 1500 ዋት፣ በድምሩ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል፤ ፓውዛ ደግሞ ቀዝቅዞ ቆይቶ ሲበራ ለቅጽበት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይስባል። መፍትሔው የጭስ ማሽኑን ወደ ሦስተኛው ፌዝ ማዛወር ነበር እንጂ ብሬከሩን ማሳደግ አልነበረም። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦን ከ40 አምፔር ብሬከር ጀርባ ማስቀመጥ ማለት፣ ከብሬከሩ በፊት ሽቦው እንዲቃጠል መፍቀድ ነው። 16ቱን ይመልሱት።

አሁን ጥገናው። ዋናው ጠፍቶ፣ ሳጥኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በኪስ ገብቶ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩም በሜትር ከተረጋገጠ በኋላ፣ ያንን የተቀጠለ ኬብል እንዳለ ያውጡት። ቅጥያውን አጥብቆ እንደገና መጠቅለል ጥገና አይደለም። ከአዳራሹ ቦርድ እስከ መድረኩ ቦርድ አንድ ወጥ፣ ባለ አምስት ሽቦ የመዳብ ኬብል ይዘርጉ፤ ኒውትራሉ ከፌዞቹ የማይቀጥን ይሁን። ይህንን አጥብቄ የምለው በዲመር፣ ማለትም የመብራቱን ድምቀት ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ዕቃ፣ ምክንያት ነው። በሦስት ፌዝ ላይ እኩል የተከፋፈለ ተራ ጭነት በኒውትራሉ ላይ ይጣፋል፤ ዲመር ግን ሞገዱን እየቆራረጠ ስለሚሰጥ አይጣፋም፣ ኒውትራሉም ከፌዞቹ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ኬብሉን ሲገዙ ጫፉን በካራ ፋቅ ያድርጉት፤ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። ገበያው በዚህ ዓይነቱ ተጥለቅልቋል፤ በላዩ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ተብሎ ተጽፎ ሲለካ 4 የማይሞላም አለ። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ሲታሰር በሐይቃችን እርጥበት ቶሎ ይበላሻል፤ ብሎኑም ከጊዜ በኋላ ይላላል። ሁሉን ካሰሩ በኋላ መብራቱን አንድ ሰዓት ያህል ያሠሩ፤ ከዚያ ዋናውን እንደገና አጥፍተው ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ደግመው ያጥብቁ።

ያቺን አጭር ሽቦ ከሶኬቱ ቆርጠው ይጣሉ፤ የመሬት መስመሩን በአምስተኛው ሽቦ እስከ አዳራሹ ዋና ቦርድ ድረስ ይመልሱት። በመድረኩ ቦርድ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ) ያስገቡ። እንዳበሩት ወዲያው ከወደቀ ዕቃው ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት፤ ኒውትራልና መሬት የታሰሩበት ሌላ ሶኬት አለ ማለት ነውና እርሱን ይፈልጉ። ከዚህ በኋላም የሚቀር ጉርምርምታ ካለ የድምፅ ገመዶችን ከዲመር ገመዶች ጎን ለጎን አያስኪዷቸው፤ መገናኘት ካለባቸው በመስቀለኛ ይለፉ።

የፊቱ መስመር ያልታየበትን ምክንያት ደስ እያለኝ ልጻፍ፤ መብራት ከዘረጋሁባቸው ዓመታት ሁሉ የምወደው ነገር ይህ ነው። መምህር በቀይ እስክርቢቶ ያረመውን የተማሪ ደብተር በንጹሕ ቀይ ብርሃን ሥር ያስቀምጡት፤ እርማቱ ይጠፋል። ነጩ ወረቀት የመጣበትን ቀይ ብርሃን ይመልሳል፤ ቀዩ ቀለምም ቀዩን ይመልሳል፤ ዓይን በሁለቱ መካከል ልዩነት አያገኝም። ያንኑ ደብተር በአረንጓዴ ብርሃን ሥር ሲያደርጉት ወረቀቱ አረንጓዴውን ይመልሳል፣ ቀዩ ቀለም ግን የሚመልሰው ስለሌለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ስንቱ ስሕተት እንደሆነ ከሩቅ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1931 ከዚሁ ታሪክ በተሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ዳይሬክተሩ ሩበን ማሙሊያን እና የካሜራ ባለሙያው ካርል ስትራስ የተጠቀሙት ይህንን ነው፦ በፍሬድሪክ ማርች ፊት ላይ ቀለሙ አስቀድሞ ተቀብቶ ነበር፤ ባለ ቀለሙ ማጣሪያ ሲለወጥ ሐኪሙ ካሜራው ሳይቆም በተመልካች ዓይን ፊት ይለወጣል። ተመልካቹ ቀለም ስለማያይ የብርሃኑን መለወጥ አይነቃበትም። እናንተ ግን በቀለም ስለምትሠሩ ብርሃኑ መለወጡን ሁሉም ያያል፤ ስለዚህ አትደብቁት፣ ከዜማው መፈራረቅ ጋር አስተባብሩት። ከፊልሙ በፊት እ.ኤ.አ. በ1887 ሪቻርድ ማንስፊልድ ቦስተን ላይ ይህንን ሰው ሲጫወት ተመልካች ፊት የተለወጠው በአቋሙ፣ በፊቱ አያያዝና በመብራት ነው፤ ያለ አቋሙ መብራቱ ብቻውን አይበቃም ነበር።

በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ከአረንጓዴው ይልቅ ቀዩን የበለጠ ይመልሳል፤ ሆኖም እንደ ወረቀቱ ሁሉንም አይመልስም። ስለዚህ ደማቅ ቀይ የከንፈር ቀለም በቀጥታ ከተቀባ በቀዩ ብርሃን ከቆዳው ነጥቶ ይታያል፣ ምሥጢሩም ይወጣል። ቀዩን ከተዋናዩ መልክ ጋር በሚሄድ ቡናማ የፊት ቀለም ይደባልቁት፤ በቀዩ ብርሃን ሥር እያዩ መስመሩ እስኪሰወር ድረስ ቡናማውን ይጨምሩ። በአረንጓዴው ጊዜ ልዩነቱ በነጭ ወረቀት ላይ እንደሚታየው ስለማይሰፋ መስመሩን ወፈር አድርገው ከዓይን በታችና ከጉንጭ አጥንት ሥር ይሳሉት፤ አረንጓዴውንም አይቆጥቡ።

የእናንተ መስመር ያልታየው አረንጓዴው አረንጓዴ ስላልነበረ ነው። የፓውዛ ክር ቮልት ሲያንሰው መደብዘዝ ብቻ ሳይሆን ይቀላል፤ ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ብርሃኑ ከዐሥር አንድ ገደማ ብቻ ይቀራል፣ የቀረውም አብዛኛው ቀይና ቢጫ ነው። አረንጓዴው ላስቲክ የሚያሳልፈው አረንጓዴ ያጣል። እዚያው ላይ አንዱ ቀይ ፓውዛ ከልክ በላይ ተንቦግቡጎ ፊቱን በቀይ ይሞላዋል፤ መስመሩም ይሰወራል። ኒውትራሉ ሲስተካከል ይህ ራሱ ይስተካከላል።

አረንጓዴ ላስቲክ ያልሁት ፎቶግራፉ ላይ ያለውን የስጦታ መጠቅለያ ነው። እርሱን ዛሬውኑ ያውርዱት። የፓውዛ መስታወት ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ያቃጥለዋልም፤ በተጨማሪም ቀዩ መጠቅለያ አረንጓዴ፣ አረንጓዴውም ቀይ ስለሚያሾልክ ለዚህ ሥራ አይረባም። ሙቀት የሚችል የመድረክ ማጣሪያ በብረት ፍሬም አድርገው ከመስታወቱ አራቅ አድርገው ይስቀሉት፤ ከተገኘ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ለየብቻ የሚያበራ ኤልኢዲ ይሻላል፤ ቀዩ ንጹሕ ቀይ ስለሆነ መስመሩ በደንብ ይሰወራል። ነገር ግን በላዩ የተጻፈውን ዋት አይመኑት፤ ኒውትራሉ ሳይስተካከልም አንድ ኤልኢዲ እንኳ አይስኩ፤ ከፓውዛው ቀድሞ ይቃጠላል።

ሥራው ሲያልቅ አራቱን አረንጓዴ ሙሉ አብርተው፣ አንዱን ቀይ አስቀርተው፣ ሦስቱንም ፌዝ በየሶኬቱ ይለኩ፤ ልዩነታቸው ጥቂት ቮልት ብቻ መሆን አለበት። ካልሆነ ከሰማያዊው ሽቦ ጋር ሥራዎ አላለቀም፤ ወደ እርሱ ሲመለሱም ዋናው ይጠፋል፣ ሳጥኑ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ኪስ ይገባል። ልኬቱ ከተስተካከለ ተዋናዩን ቀብተው መድረክ ላይ ያቁሙትና እርስዎ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው ይዩት፤ መስመሩ ከፊት ወንበር ቢታይና ከኋላ ባይታይ ይወፍር እንጂ መብራት አይጨምሩ።