መድን ሰጪው ያቀረበው ካሳ ከጥገናው ወጪ ሲያንስ

ቤትዎ በውኃ ተጎድቶ መድን ሰጪው የጥገናውን ወጪ ግማሽ ብቻ እከፍላለሁ እንዳለዎትና የላከልዎትን የክፍያ ሰነድ መፈረም ይገባዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። ሰነዱ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ከሆነ ፊርማዎ ቀሪውን የመጠየቅ መብትዎን ሊያሳጣዎት ስለሚችል፣ እባክዎ አሁን አይፈርሙ።

በቅድሚያ ቅነሳው በየትኛው የውሉ አንቀጽ እንደተደረገ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎትና የጉዳት ገማቹ ሪፖርት ቅጂ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ምክንያቱ የእርጅና ተቀናሽ ወይም በውሉ መሠረት እርስዎ ራስዎ የሚሸፍኑት ድርሻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ንብረትን ከዋጋው በታች ዋስትና የመግባት ጉዳይ ነው፤ 1,000,000 የሚያወጣ ቤት በ600,000 ብቻ ዋስትና ከተገባለት፣ ውሉ የተመጣጣኝነት አንቀጽ (ዋስትናው ከንብረቱ ዋጋ ባነሰው ልክ ካሳውም እንዲቀነስ የሚያደርግ አንቀጽ) እስካለው ድረስ ለ100,000 ጉዳት የሚከፈለው 60,000 ነው። ስሌቱ እንዲህ ከሆነ መከራከሩ ብዙም አያዋጣም።

ገማቹ ያልመዘገበው ጉዳት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእኔ ቤት የተቆጠረው የግድግዳው ቀለም ብቻ ሲሆን ከወለሉ ሥር የበሰበሰው እንጨት ተዘሎ ነበር። ለሳምንታት በስልክ ተከራክሬ ያላገኘሁትን መልስ ያስገኘልኝ፣ ወለሉ ተነሥቶ የተነሣው ፎቶግራፍና የሌላ ባለሙያ የጽሑፍ ግምት ነው። ስለዚህ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ፎቶ ያንሡ፤ የተበላሸውንም ዕቃ ሳይታይ አይጣሉ።

ድርጅቱ በአቋሙ ከጸና ቅሬታዎን ለቅሬታ ሰሚ ክፍሉ፣ ቀጥሎም ለመድን ተቆጣጣሪው አካል ያቅርቡ፤ ይህን ሲያደርጉም ክስ የማቅረቢያው የይርጋ ጊዜ እንዳያልፍብዎት ቀኑን ከወዲሁ ያረጋግጡ።