ጎማው ሲደርቅ ቆርቆሮው ይበሰብሳል

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመኪና ቦዲ ሥራ ነው። በር ስፈታና ስገጥም፣ መስታወት ሳወርድና ስሰቅል፣ ዝገት ቆርጬ ስበይድ ኖሬአለሁ። እናንተ ስለ ሞተር ጥሩ ታውቃላችሁ። ዘይት መቼ እንደሚቀየር፣ የትኛው የፍሬን ሸራ እንደሚሻል ስታወሩ እሰማለሁ። ውሃ እንዳይገባ በበሩና በመስታወቱ ዙሪያ የተገጠመውን ጎማ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ወደ እኛ የምትመጡት ወለሉ ከዛገ በኋላ ነው። ያኔ ወጪው ይከብዳል፤ መኪናዋም እንደ ድሮዋ አትሆንም።

ዛሬ ነገሩ የባሰ ክብደት አለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እጃችሁ ላይ ያለችው ዲኤክስ፣ ቪትዝ ወይም ቮልስ ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባት። የብዙዎቻችሁ እንጀራም በእሷ ላይ ነው።

ውሃ እንዴት እንደሚገባ ላሳያችሁ። የበሩ መስታወት ሲወርድና ሲወጣ ከውጭ በኩል የሚታከከው ቀጭን ጎማ አለ። ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ አብዛኛውን የሚመልሰው እሱ ነው። አዲስ እያለም ትንሽ ያሳልፋል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ከበሩ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ትቷል፤ የገባው በዚያ ይወጣል። ጎማው ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን ውሃው ከነአቧራው ይገባል። አቧራው ውስጥ ጭቃ ይሆንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በሩ ውሃ ይቋጥራል። በሩን ስትከፍቱ ከውስጥ የውሃ ድምፅ ከሰማችሁ ቆርቆሮው መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ከውጭ ቀለሙ ሲያብጥ የምታዩት በጣም ዘግይቶ ነው።

ሰው ሁሉ ክረምቱን ያማል። ጎማውን የሚገድለው ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ፀሐይ ነው፤ ክረምቱ ጉዳቱን ያጋልጣል እንጂ አያመጣውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋ የምትጎዳ አይመስለንም፤ ጎማው ግን ያውቃታል። ጎማ ጥቁር የሆነው ለውበት አይደለም። ውስጡ ያለው የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን እየዋጠ ይጠብቀዋል። አየር ላይ ያለው ኦዞን ደግሞ የተወጠረ ጎማን ይሰነጥቃል፤ በተለይ የድሮዎቹን። ስንጥቁ ጎማው በታጠፈበትና በተሳበበት ቦታ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስትፈትሹ ማዕዘን ማዕዘኑን እዩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ናፍጣ! መኪና ታጥቦ ሲያልቅ ጨርቅ በናፍጣ ነክሮ የበሩን ጎማና ፓራውልቱን፣ ማለትም የፊትና የኋላ መከላከያውን፣ የሚወለውል አለ። ያብረቀርቃል፤ ባለመኪናውም ደስ ይለዋል። የፍሬን ጎሚኒ፣ ማለትም ፍሬን ውስጥ ያለው ትንሽ ጎማ፣ የሞተር ዘይት ሲነካው እንዴት እንደሚያብጥ ያየ መካኒክ ካለ ጠይቁት። የበር ጎማም እንደዚያው ነው። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ግሪስ፣ ቫዝሊን ሁሉም ከነዳጅ የወጡ ናቸው። ጎማው ውስጥ ይገባሉ፣ ያሳብጡታል፣ ያላሉታል። ለአንድ ሳምንት ለስላሳ ይመስላል፤ ቆይቶ ቅርፁን ያጣል። እባካችሁ ላቫጆ ስትሄዱ አፋችሁን ሞልታችሁ «ጎማው ላይ ናፍጣ አታድርግ» በሉ። ልጁ ሊጎዳችሁ ብሎ አይደለም፤ የነገረው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። በረኪና አይንካው፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናም ይቅር። በደንብ ሲደርቅ ሲልከን ስፕሬይ ጨርቅ ላይ ንፉና በስሱ አሹት። ጎማው ላይ በቀጥታ አትንፉ፤ መስታወት ላይ ከተረጨ በማታ ስትነዱ ያስቸግራችኋል። ሲልከን ካጣችሁ ከመድኃኒት ቤት ግሊሰሪን ግዙና ትንሽ ቀቡ፤ አቧራ ቢይዝም ጎማውን አይጎዳም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ከተደረገ ይበቃል። አንድ ማሳሰቢያ፦ መኪናችሁን ቀለም ልታስቀቡ ከሆነ ሲልከን መጠቀማችሁን ለቀቢው ንገሩት። ትንሽ ከቀረ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል።

ደርቆ ድንጋይ የሆነ ጎማ ግን አይመለስም። ምንም ቅባት አያድነውም። ይቀየር። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ ፎርጅድ አዲስ ከምትገዙ፣ ከፈረሰ መኪና የወጣ ያልደረቀ ኦሪጅናል ብታገኙ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ጫፉን በጣታችሁ ጨምቃችሁ ልቀቁት። ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና ነው፤ ተጨፍልቆ ከቀረ ተዉት።

በቮልስና በላዳ የፊት መስታወቱ የሚያዘው በጎማ ነው። እሱን መቀየር መቻል አሪፍ ሙያ ነውና የጋራዥ ልጆች ልብ በሉ። መጀመሪያ አሮጌው ጎማ የተቀመጠበትን ጠርዝ ፍቁ፤ ዝገት ካለ አጽድታችሁ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡ። አዲሱን ጎማ መስታወቱ ላይ አልብሱት። የቆርቆሮው ጠርዝ በሚገባበት ቦይ ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን አስገቡ፤ ሁለቱ ጫፎች ከታች መሐል ላይ ይደራረቡ። ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። ጓደኛችሁ ከውጭ በመዳፉ ቀስ እያለ ይግፋ፤ እናንተ ከውስጥ ሲባጎውን ሳቡ። ሲባጎው በወጣ ቁጥር የጎማው ከንፈር ቆርቆሮውን ተሻግሮ ቦታውን ይይዛል። አንቆ ካስቸገረ አቁሙና ሳሙና ጨምሩ። በጉልበት የሠራ መስታወት ይሰብራል።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልልም። ቀለም ያልተቀባ ጥቁር ፓራውልት የሚነጣው ላዩ በፀሐይ ስለተበላ ነው። በእሳት ሲያሞቁት ይጠቁራል፤ ግን የቀረውን ስስ የላይኛውን ሽፋን እያቀለጡ ስለሆነ ጥቁረቱ አይቆይም፣ ቅርፁም ሊበላሽ ይችላል። ቢጫ የሆነ የፊት መብራትን በውሃ ወረቀት (እየራሰ በሚፈቀፍቅ ብርጭቆ ወረቀት) ማጥራት ይቻላል፤ ፋብሪካው የቀባው መከላከያ አብሮ ስለሚነሳ ከላዩ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ካልተቀባ ቢጫው ይመለሳል። ዳሽቦርድ ላይ ደግሞ ትልቁ መድኃኒት ጥላ ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ነገር ይተንና መስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል ቅባታማ ጉም ሆኖ ይለጠፋል። ያን ጉም ስትጠርጉ ዳሽቦርዱ እየደረቀ መሆኑን እወቁ። ስታቆሙ የፊት መስታወቱን ከውስጥ በካርቶንም ቢሆን ሸፍኑ።

ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግማሽ ቀን ስጡት። ከበሮቹ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ክፈቱ፤ ሽቦ ቀለሙን ይጭራል። ከዚያ የወረቀት ቁራጭ በሩና ጎማው መሐል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ። ያዝ ካደረገ ጥሩ ነው። ሳይታገል ሸርተት ብሎ ከወጣ ውሃም በዚያው ይገባል። በሩን ዙሪያውን እንዲህ ፈትሹ፤ የላላበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ለሠራተኛው አሳዩት።