«መታሁትና ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ»

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ክፍል ውስጥ እየተነሳ ይሮጣል ልጆች ይመታል፣ እንቢ ካለ አለ ነው። ሐኪም ጋ ወስጄው ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር) ነው ተባልኩ ግን ማንም አያምነኝም፣ የተከራየንበት ግቢ ሰዎች እየሰማሁ «አሳዳጊ የበደለው» ይሉታል፣ ክፍለ ሀገር የሚሰራው ባለቤቴ ደግሞ ሲደውል «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይለኛል። እንቅልፍ የለኝም፣ በትንሽ በትልቁ እጮሃለሁ። ባለፈው መታሁትና ተኝቶ ሳየው ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ምን ላድርግ?
እናት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ኤዲኤችዲ እኮ ከማሞላቀቅ አይመጣም። የአንጎል እድገት ጉዳይ ነው፣ በአብዛኛው በዘር የሚወርድ፣ ከ100 ልጆች 5 የሚሆኑት ላይ ይታያል። ይሄን ባለቤትሽ ከሐኪሙ አፍ ቢሰማው ይሻላል፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መምጣት ካልቻለ እዛው ሆነሽ ስልክ ላይ አገናኛቸው።

ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስም ለልጃቸው ት/ቤት አጥተው የተንከራተቱ እናት ነበሩ፣ ኦቲዝም ሌላ ነው ግን ያንቺን ድካም የሚያውቁት ነበር።

አሁን ያለሽበት ስትረስ እንዲህ ነው የሚዞረው፣ ሲደክምሽ ትጮሂያለሽ፣ ስትጮሂ እሱ ይብስበታል፣ ሲብስበት አንቺ ጭራሽ ታልቂያለሽ። ስለዚህ ያንቺ እረፍት የሱ ህክምና አካል ነው፣ ቅንጦት አይደለም! በሳምንት አንድ ከሰዓት እንኳን የሚይዝልሽ፣ እህትሽም ትሁን ቡና የምትጠጪያት ጎረቤት፣ ለምኚ፣ አትፈሪ።

ዱላው ይቅር፣ ፍርሃት ይጨምርበታል እንጂ ቁጭ አያደርገውም። እጅሽ ሲነሳ እሱ አደጋ ላይ አለመሆኑን አይተሽ ሌላ ክፍል ግቢና ተንፍሺ። ስታዢው ደግሞ ከጓዳ ሆነሽ «ጫማህን አውልቅና ታጠብና ደብተርህን አውጣ» አትበይው፣ ሦስተኛው ጋ ሳይደርስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል፣ ጠጋ ብለሽ በስሙ ጠርተሽ «ጫማህን አውልቅ» ብቻ፣ ሲያወልቅ እዛው «ጎበዝ የኔ ልጅ» በይው። ብዙ እናቶች ጥፋቱን ነው የሚቆጥሩት፣ እሱ ሰው የሚያየው ሲያጠፋ ብቻ ይመስለዋል። መምህሩንም ፊት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጠው፣ ሰሌዳ እያስጠፋ እንዲያንቀሳቅሰው ጠይቂው።

ጸበል የምትወስጂው ከሆነ ውሰጂው፣ መድኃኒት ከታዘዘለት ግን እንዳታስቋርጪው።

አንቺ ራስሽ እንቅልፍ ማጣቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ምንም ነገር አላስደስትሽ ካለ ለራስሽ ካርድ አውጪ፣ ብሞት የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ የዛኑ ቀን ሰው ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ። ሐኪሙ ፊትም ስለልጁ ብቻ አውርተሽ እንዳትወጪ፣ መታሁት ያልሽንን ለሱም ንገሪው።