«ሰነፍ ሆኛለሁ፤ የሚያነቃቃ መርፌ ይኖር ይሆን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ድሮ ቀልጣፋ ነበርኩ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ስንፍና ተጠናውቶኛል። ጠዋት መነሳት ሞት ነው። ሰርቪስ ውስጥ ገና ከመቀመጤ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ማታ ቤት ስገባ ሶፋ ላይ ዘፍ ነው። የዚህ ቅዳሜ ልብስ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል። ባለቤቴ «ምን ነካሽ?» ይለኛል። እናቴ ጠበል ሂጂ ትላለች። እኔ ደግሞ የሞቲቬሽን ቪዲዮ እያየሁ «ሰኞ እጀምራለሁ» እላለሁ፤ ማክሰኞ ያው ነኝ። ጓደኛዬ ግሉኮስ ተተክሎላት ቀለል ብሏታል። ለስንፍና የሚሆን መርፌ ወይም ቫይታሚን ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ከግሉኮሱ ልጀምር። የተለመደው ባለ 5 ፐርሰንት ግሉኮስ አንድ ሊትሩ 50 ግራም ስኳር ነው የያዘው። አሥር፣ አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ምሳዋን በልታ ሻይዋን መጠጣት ለምትችል ሴት ስኳር በደም ሥር የሚሰጥበት ምክንያት የለም። ጓደኛዎ ቀለል ያላት ምናልባት ስልክ ሳይጮህባት ሁለት ሰዓት ጋደም ስላለች ይሆናል።

ደብዳቤዎን ሳነብ ሁለት ነገር ዓይኔን ያዘው። አንዱ «ድሮ ቀልጣፋ ነበርኩ» ያሉት ነው። የኖረ ጠባይ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይገለበጥም። ሲገለበጥ ሐኪም «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ያ ደረጃ ነው። ስንፍና ልብ አያስመታም።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የደም ማነስን ነው፤ በተለይ ከአይረን እጥረት የሚመጣውን። በእርስዎ ዕድሜ ላሉ ሴቶች የተለመደ ነው። ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ሲያንስ ልብ ጉድለቱን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ ይመታል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው መታመሙን አያውቅም። ሰነፍኩ ነው የሚለው። እስኪ መስታወት ፊት ቆመው የታችኛውን የዓይንዎን ቆብ ሳብ አድርገው ይዩት። ውስጡ ቀላ ማለት ሲገባው ነጣ ብሎ ካዩት ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ቀላ ብሎ ቢያዩትም ግን ምርመራውን አይተዉት፤ ዓይን ብዙ ያመልጠዋል። ፀጉርዎ ይረግፋል? ጥፍርዎ ይሰባበራል? በረዶ መቆርጠም ወይም አፈር መቅመስ ያምርዎታል? የመጨረሻውን ሴቶች አፍረው ለሐኪም አይናገሩትም። ይናገሩት፤ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ስለ ወር አበባዎ ምንም አልጻፉልኝም። ከሰባት ቀን በላይ ይቆያል? የረጋ ደም አለው? ሞዴስ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ያስቀይርዎታል? ባለፈው አንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የወሊድ መከላከያ) አስገብተው ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሲቢሲ የሚባለው የደም ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሠራል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ለሚኖር ሰው ደግሞ መለኪያው ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ «12 ነው፣ ደህና ነሽ» ቢባሉም ፌሪቲን እንዲታይልዎ ይጠይቁ። እሱ የአይረን ክምችት መለኪያ ነው። ክምችቱ የሚሟጠጠው ሄሞግሎቢን ከመውረዱ በፊት ነው።

«እንጀራ እየበላሁ እንዴት አይረን ያንሰኛል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጤፍ አይረን አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ቡና ተዉ አልልም፤ ለማንስ ይነገራል? ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት ነው የምለው። ከእንጀራው ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ነገር ቢኖር ደግሞ ይረዳል።

ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ ምርመራም ቢያደርጉ ጥሩ ነው። በተለይ ሰው ሁሉ ሲሞቀው እርስዎን የሚበርድዎ፣ ሆድዎ የሚደርቅና ሳይበሉ የሚወፍሩ ከሆነ። ውኃ ጥምና ሽንት ካበዛብዎ ስኳር ይለካ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለ ቲቢ መታየት አለበት። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ቀኑን ሙሉ ያደነዝዛሉ፤ የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይሂዱ።

አሁን ሰው ዘሎት የሚያልፈውን ልጠይቅዎ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ከፍቶዎት ነበር? ድሮ የሚወዱት ነገር፣ የልጆችዎ ጨዋታም ሆነ የጎረቤት ቡና፣ ጣዕም አጥቶብዎታል? ለአንዱም «አዎ» ካሉ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ሁልጊዜ እያለቀሰ አይመጣም። አንዳንዴ ሶፋ ላይ ያስቀምጥና ዝም ይላል። ሕክምና አለው፤ በምክክርም በመድኃኒትም ይድናል። ጠበሉ ጋ መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ ከምርመራው ጋር አይጣላም። ምርመራውን ወይም የታዘዘልዎን መድኃኒት ግን በእሱ አይተኩት። «ሞቼ ባረፍኩ» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ስንት ሰዓት እንደሚተኙም አልነገሩኝም። ሰርቪስ ለመያዝ 11 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ሰው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከተኛ የተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ለመሆኑ እነዚያን የሞቲቬሽን ቪዲዮዎች ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያዩት?

ምርመራው ሁሉ ደህና ቢሆንስ? ያኔም ሰኞን አይጠብቁ። ሰው ሞራሉ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሞራል ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ድባቴን ለማከም ከሚያገለግሉ የምክክር ሕክምናዎች አንዱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሽተኛው ደስ እስኪለው አይጠበቅም። ትንሽ ነገር ተመርጦ፣ ሰዓት ተቆርጦለት ይጀምራል። «ልብስ አጥባለሁ» ትልቅ ነው፤ ገና ሲያስቡት ያደክማል። «ከሰርቪስ ወርጄ፣ ሶፋው ላይ ሳልቀመጥ፣ የልጆቹን ዩኒፎርም ሳፋ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ» ግን አሥር ደቂቃ አይወስድም። በቃ፣ ለዛሬ ይኸው ነው። ቀጥለው ማሸት ካሰኘዎ ይቀጥሉ፤ ካላሰኘዎ ይቀመጡ። በሥራ ቀንም ቢሆን አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደው በእግር ይሂዱ። የደም ማነሱ ከተገኘብዎ ግን ይህ እስኪሻልዎ ይቆይ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ባይጠይቁኝም። ቀን ቢሮ፣ ማታ ቤት የሚሠራ ሰው ደክሞት ቢቀመጥ ሰነፍ አይባልም። «ምን ነካሽ?» ያሉት ባለቤትዎ የቅዳሜውን ሳፋ ቢጋሩ ከማንኛውም ቫይታሚን ይሻላል።

የአይረን ክኒን ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩ። ከታዘዘልዎ ግን አያቋርጡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀለል ይልዎታል፤ ሰው የሚሳሳተውም ያኔ ነው፣ «ዳንኩ» ብሎ ያቆማል። ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ሰገራዎ ይጠቁራል፤ አይደንግጡ። ሆድ ካደረቀዎ ወይም ካቅለሸለሸዎ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ አወሳሰዱን ይቀይርልዎታል። ክኒኑን ልጆቹ የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። ከረሜላ መስሏቸው ብዙ ከዋጡ ለሕይወት ያሰጋል።