ሊኑክስ ልጫን ወይስ ይቅርብኝ? የተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሣው ሊኑክስ አንዱ ነው) በተመለከተ ከጎጃም ተማሪዎችና መምህራን ከመጡት ጥያቄዎች ስድስቱ እነሆ። ረጃጅሞቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴል ነው። ዊንዶውሱ ተነሥቶ እስኪያበቃ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። አጥፍቼው ሊኑክስ ልጫንበት? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አታጥፋው። መጀመሪያ ሳትጭን ሞክር። ለእንዲህ ያለ ማሽን ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት፣ ይስማማዋል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ ከምታወርደው ካለው ሰው በፍላሽ ቅዳ። ከቀዳህ በኋላ ሻ256 የሚባለውን የማረጋገጫ ቁጥር ከሚንት ድረ ገጽ ጋር አመሳክር፤ በቅጡ ያልወረደ ፋይል ጭነቱን መሐል መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፈው። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሳ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታበራ ኤፍ 12ን ደጋግመህ ተጫን (ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው) እና ፍላሹን ምረጥ።

ከፍላሹ ሲነሣ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ታችፓዱን ፈትሽ። ዋይፋዩ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ካርዱ ብሮድኮም ሆኖ ነው። ስልክህን በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብራና ድራይቨር ማናጀር ገብተህ ድራይቨሩን አውርድ።

ከወደድከው ከዊንዶውሱ ጎን ጫነው። ጠቃሚ ፋይሎችህን በሌላ ዲስክ ካስቀመጥህ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት ከፍተህ ከሲ ድራይቭ 40 ጊጋ ያህል ቆርሰህ ባዶውን ተው። ፋስት ስታርታፕን አጥፋ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፋይሎች ያነባቸዋል እንጂ ሊጽፍባቸው አይችልም። ቢትሎከር (ዲስክን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ካገኘኸው ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጥ። ባትሪህ ደካማ ከሆነ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምር። ዲስኩ እየተከፋፈለ መብራት ቢሄድ ሁለቱንም ልታጣ ትችላለህ።

እውነቱን ለመናገር ግን ዲስክህ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ሊኑክስም ተአምር አይሠራም። ለዘገምተኛ ላፕቶፕ ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ነው። ፍላጎትህ ፕሮግራሞቹ ብቻ ከሆኑ ሊብሬኦፊስም (ለጽሑፍ)፣ ጂምፕም (ለፎቶ)፣ ቪኤልሲም (ለቪዲዮ) ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉና ከእነሱ ጀምር።

ጥያቄ፦ በሊብሬኦፊስ የጻፍኩት አሳይመንት ፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፈት ገጹ ይዘበራረቃል፤ አማርኛው አንዳንዴ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይሆናል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለማሳተም ከሆነ ሌላ ፋይል ይዘሽ አትሂጂ፤ ፒዲኤፍ ብቻ። ፋይል ከሚለው ውስጥ «ኤክስፖርት አዝ ፒዲኤፍ» በይው። ፊደሎቹ አብረው ስለሚታሸጉ የትም ቢከፈት አይለወጥም።

መምህሩ በወርድ አምጪ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። በቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ ሴቭ፣ ጄኔራል በኩል ገብተሽ ሁልጊዜ በወርድ ቅርጽ እንዲያስቀምጥ አድርጊው። ገጽ የሚያንሸራትተው በአብዛኛው ፎንት ነው። ሊኑክስ ላይ ካሊብሪ ስለሌለ ካርሊቶ ይተካዋል፤ ለታይምስ ኒው ሮማን ደግሞ ሊበሬሽን ሰሪፍ አለ። ተተኪዎቹ የፊደል ስፋታቸው እኩል ስለሆነ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብዙም አይነቃነቅም። ችግሩ አማርኛው ላይ ነው። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ ስለዚህ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ተጠቀሚ። ሁለቱም በነፃ ይሰራጫሉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ላይኖራቸው ስለሚችል በፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንት በኩል ፊደሉን ሰነዱ ውስጥ ክተቺው።

በአማርኛ ፋንታ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከታየሽ ግን ጥፋቱ የሊብሬኦፊስ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ሰው የላከልሽ አሮጌ ፋይል ከሆነ ፎንቱን አብሮ እንዲልክ ጠይቂው። ለራስሽ ጽሑፍ ኪማን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጫኚ፤ ዩኒኮድ ይጽፋል፣ ስልክም ላይ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ፍላሼ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፋይሌ ጠፋ ማለት ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን አትንካ፤ ቫይረሱን የምታስነሣው እሱን ስትጫን ነው። ሊኑክስ ባለው ማሽን ፍላሹን ክፈትና ኮንትሮልና ኤችን አንድ ላይ ተጫን፤ የተደበቀው ይታያል። የራስህን ሰነዶች ብቻ ቅዳ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርግ። የዊንዶውስ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ ባይነሣም ሳታጸዳ ከሰጠኸው ቀጣዩን ሰው ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ መሐል ላይ ክራክ የተደረገው (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረው) የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ኤስፒኤስኤስ አልከፍት አለኝ። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለው ትንተና ቀርቶኛል። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ሌላ ክራክ አትፈልጊ፤ አብዛኛው ገና ሲጫን አንቲቫይረስሽን አጥፊ ይልሻል፣ ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ጃሞቪ የሚባለውን ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጫኚ። የኤስፒኤስኤስን ዳታ እንዳለ ይከፍታል። መልኩ ኤስፒኤስኤስን የሚመስለው ፒኤስፒፒ የሚባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ጃሞቪ ይሻላል። ሪግሬሽን ውስጥ ሁለት ውጤት ያለውን፣ ባይኖሚያል የሚለውን ምረጪ። ኦድስ ሬሾው (የአንድ ምድብ ዕድል ከማነጻጸሪያው ስንት እጥፍ መሆኑን የሚያሳየው ቁጥር) በራሱ አይወጣም፤ ሞዴል ኮኤፊሸንትስ ሥር ከነ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ምልክት አድርጊበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤስፒኤስኤስ ካልነገርሽው በስተቀር ማነጻጸሪያ የሚያደርገው የመጨረሻውን ምድብ ነው፤ ጃሞቪ ደግሞ የመጀመሪያውን። 2 የነበረው ኦድስ ሬሾ 0.5 ሆኖ ቢመጣ ዳታው አልተበላሸም፣ ማነጻጸሪያው ተገልብጦ ነው። ሪፈረንስ ሌቭልስ ገብተሽ አስተካክዪው። ሜቶዶሎጂው ላይ የፕሮግራሙን ስምና ቨርዥን ጻፊ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን 12 ኮምፒውተር አለው፣ ኢንተርኔት ግን የለውም። ዊኪፔዲያ ለልጆቹ ማሳየት ይቻላል? (መምህር፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ ይቻላል፣ መምህር። ኪዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም አንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይጫኑ። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ዚም የሚባሉትን ፋይሎች ያውርዱ። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አይድከሙበት፤ የተመረጡ ጽሑፎች ስብስብ፣ የአማርኛው ዊኪፔዲያና ለፊዚክስ ፌት የሚባሉት በኮምፒውተር የሚሠሩ ሙከራዎች (ሲሙሌሽኖች) ይበቃሉ። ፍላሹ ባለ 64 ጊጋ ሆኖም ትልቅ ፋይል አልቀበል ካለ በፋት 32 ፎርማት ተደርጎ ነው፤ እሱ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም። ኤክስፋት ያድርጉት።

ከዚያ ኮምፒውተሮቹን በአንድ ራውተር ወይም ስዊች ያገናኙ። ኪዊክስ ውስጥ ሎካል ሰርቨር የሚለውን ሲያስጀምሩ አድራሻ ይሰጥዎታል፤ ልጆቹ እሱን ብራውዘራቸው ላይ ይጻፉ። ዊንዶውስ መጀመሪያ ላይ ፋየርዎል ይፈቀድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ይፍቀዱ። አለበለዚያ እርስዎ ጋ ይከፈታል፣ ሌሎቹ ጋ ግን አይከፈትም።

ጥያቄ፦ ጮቄ ተራራ ላይ በስልክ ጂፒኤስ የወሰድኳቸው ነጥቦች ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ከአሮጌው ካርታ ጋር ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ስልክህ የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የቦታ መለኪያ መነሻ) ነው፤ የድሮ የመሬት ካርታዎቻችን ግን በአዲንዳን፣ ማለትም በቀድሞው መነሻ፣ የተሠሩ ናቸው። ለጎጃም ሁለቱም ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ ፍርግርግ) ዞን 37 ሰሜን ስለሚባሉ ያሳስታሉ፤ አዲንዳን ኮዱ 20137፣ ደብሊውጂኤስ 32637 ነው። ለእያንዳንዱ ሌየር (የካርታ ንብርብር) የራሱን ትክክለኛ ኮድ ስጥ፤ የስልክህ ነጥቦች በዲግሪ ከተቀመጡ ኮዳቸው 4326 ነው። መለወጥ ካስፈለገህ «ሪፕሮጀክት ሌየር» በሚለው ለውጥ። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» የሚለው ስሙን ብቻ ይቀይራል፤ ነጥቦቹን አያንቀሳቅስም።