ከወንዝ ዳር የሚነሱ ቤተሰቦች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲፈናቀል፣ ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ይዘው ከመዘገቡት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ከቀበና፣ ከግንፍሌና ከቀጨኔ ዳር የሚነሱ ሰዎችን ሳማክር ቆይቻለሁ። ስለ ምዝገባ፣ ስለ ምትክ ቤትና ስለ አሰፋፈር ጠይቁኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ባዶ ቅጽ ላይ አትፈርሙ።

የቀበና ልጅ፦ ጋሼ፣ «የጎርፍ ስጋት ያለበት ቦታ ላይ ናችሁ፣ ትነሳላችሁ» ተባልን። ቤታችን የቀበሌ ነው። ምን ይሰጠናል?

መልስ፦ በአዲስ አበባ አሠራር የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሲነሳ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም በግዢ። ኮንዶሚኒየም ሲባል የብዙ ሰው ፊት ይበራል። ግን ቅድመ ክፍያ አለው፣ ከዚያ በየወሩ የባንክ ዕዳ አለ። እንጀራ ሸጣ የምታድር እናት ይህን ከየት ታመጣለች? ቤቱን ታከራይና እሷ ልጆቿን ይዛ ሌላ ወንዝ ዳር ትገባለች። በዓይኔ አይቻለሁ። ከመምረጣችሁ በፊት የወር ገቢያችሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

ሂሩት፦ እኛ ደባል ነን። 11 ዓመት ኖረናል። መዝጋቢዎቹ የአከራያችንን ስም ብቻ ጽፈው ሄዱ።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ምዝገባ የሚካሄደው በቤት ቁጥር ነው። በአንድ ቁጥር ውስጥ ግን አራት፣ አምስት ቤተሰብ ይኖራል። ጎርፍ ሲመጣ ቁጥር አይቶ አይለይም፣ ሁሉንም እኩል ይወስዳል። ምትክ ሲሰጥ ግን የሚታወቀው ባለ ቁጥሩ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ታቅፋ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች በጭቃ ደርቆ እንደ ካርቶን ተገትሯል። «የቤት ቁጥርሽ ስንት ነው?» አልኳት። «ቁጥሩ የእነሱ ነው፣ እኔ ጓዳው ውስጥ ነኝ» አለችኝ። ቅጹ ላይ ለእሷ የሚሆን መስመር አልነበረም። ከገጹ ግርጌ በእስክሪብቶ አሰመርኩና ስሟን ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩ በታይፕ ተጽፎ ሲመለስ ያ መስመር የለም። ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 አንብቡት። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። በቂ በሆነ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርንም ይጨምራል። «ባለይዞታዎች» አላለም፤ «ሰዎች ሁሉ» ነው ያለው። ደባልም ሰው ነው።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። በዚያ ቤት መኖርሽን የሚያሳይ ወረቀት ሁሉ ሰብስቢ። ከሁሉም የሚበልጠው የእድር ደብተር ነው። በየወሩ የከፈልሽው፣ ቀኑ፣ ፊርማው አለበት። 11 ዓመት እድር የከፈለ ሰው «አናውቀውም» ሊባል አይችልም። ከዚያ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፈሽ ወረዳው መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ቅጂሽ ላይ ቁጥርና ማህተም ሳታስመቺ አትውጪ።

ሙሉ፦ ካሳ ስንት ነው?

መልስ፦ የማን ቤት? የት? ካርታ አለው? ቀበሌ ነው? ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ነው? እንዲህ ተጠይቆ መልስ አይገኝም። ዘርዝረህ ጻፍ።

ያሬድ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ ጎርፉ ሰበብ ነው። ሰው የሚነሳው ለወንዝ ዳር ፓርክ ነው።

ትዕግስት፦ ሰበብ? ነሐሴ 2013 በአንድ ቀን ጎርፍ 7 ሰው ሞቷል እኮ። እኛ ቤት ውሃው አልጋ ላይ ወጥቷል።

ያሬድ፦ ሞቱን መች ካድኩ? ድሃው ተነስቶ እዚያው ቦታ ካፌ ከተከፈተ ስጋቱ የት ሄደ ነው ያልኩት።

ትዕግስት፦ አንተ ወንዝ ዳር አድረህ ታውቃለህ? ክረምት ሲገባ ልጆቼን በየተራ ነው የማስተኛው።

ያሬድ፦ ተወልጄ ያደግኩት ግንፍሌ ዳር ነው። አባቴ የተነሳው ያለ ምንም ወረቀት ነው።

መልስ፦ በቃ፣ እዚህ ላይ ላቁማችሁ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በጠባብ ወንዞች ቁልቁል ይወርዳል። አስፋልቱና ቆርቆሮው በበዛ ቁጥር መሬት የሚመጠው ያንሳል፣ ድልድዩ ሥር ደግሞ ቆሻሻ ይዘጋዋል። ስለዚህ ስጋቱ እውነት ነው። በ2011 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክትም እውነት ነው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነበር።

ለተነሺው የሚጠቅመው ደብዳቤው ነው። የምትነሱበት ምክንያት ምን ተብሎ ተጽፏል? «ለልማት» ካለ ካሳውም ምትኩም ቅሬታውም በአዋጅ 1161/2011 ይገዛል፤ በኋላ የመጣውን ማሻሻያም አብራችሁ አንብቡ። በቃል ብቻ «ስጋት ነው፣ ውጡ» ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የያሬድ አባት ያጣው ያንን ወረቀት ነው።

ከጅዳ፦ እናቴ ቀጨኔ ዳር ብቻዋን ናት፣ እኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቤቱ በእሷ ስም ከሆነ ያንተ መምጣት ግድ አይደለም። አብሯት ቢሮ የሚሄድ የምታምነው ዘመድ ፈልግ። ባዶ ቅጽ ላይ እንዳትፈርም ንገራት።

የድሬ ልጅ፦ አቦ ጋሼ፣ ደቻቱ እኮ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ግንቡም ተሠርቷል። ለምን እንነሳለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያታለለን ያ ደረቅ አሸዋ ነው። የደቻቱ ውሃ ከላይ፣ ከደንገጎና ከሐረማያ በኩል ካለው ደጋ ነው የሚመጣው። ደጋው ተራቁቷል፣ ዝናቡን የሚይዝለት ዛፍ የለም። ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎም ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ሲመጣ ሰው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። ከፊራ ገበያ አጠገብ አንድ ቤት ገብቼ የጭቃው መስመር ከራሴ በላይ ነበር። ከመስመሩ በላይ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል፣ አንድ ጠብታ አልነካውም። ፎቶው ላይ ያሉትን ሁለቱንም አላገኘናቸውም።

ግንቡ ጥሩ ነው። ግን ግንብ የሚሠራው ለታሰበው ያህል ውሃ ነው። በሚያዝያ 2012ም ጎርፍ ድሬ ላይ ሰው ገድሏል። ከአሸዋው ጠርዝ ተነሱ። ስትነሱ ግን ተበታትናችሁ አይሁን፤ አንድ ሰፈር አንድ ላይ ይስፈር ብላችሁ ጠይቁ። ልጅ የሚያይላችሁ፣ ዱቤ የሚሰጣችሁ፣ ሬሳ የሚያነሳላችሁ ጎረቤት ነው። ይህን ካሳ አይተካውም።

አበበ፦ ኮንዶሚኒየም ዕጣ መቼ ነው የሚወጣው?

መልስ፦ የዕጣ ነገር እዚህ አይጠየቅ።

ሙሉ፦ እሺ፣ የጨረቃ ቤት ነው። ካሳ ስንት ነው?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ መቼ ተሠራ የሚለው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከአየር የተነሳውን የ1997ቱን ካርታ ያያሉ። ቤትህ እዚያ ላይ ከታየ ያንን ይዘህ ተከራከር። ካልታየ እንደ ሂሩት ነህ፤ ለእሷ የጻፍኩትን አንብብ።

ሂሩት፦ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት መዝጋቢዎቹ ይመለሳሉ ተባለ። ምን ይዤ ልጠብቅ?

መልስ፦ መታወቂያ፣ የእድር ደብተሩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ካርድ፣ ልጆቹን ያስከተብሽበትን ካርድ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሺ። የእድሩን ዳኛ አስጠሪና አጠገብሽ ይቁም። ስምሽ ሲጻፍ ከጀርባቸው ቆመሽ አንብቢ፣ የቤተሰቡን ብዛትም እዪ። «ፈርሚ፣ እኛ እንሞላዋለን» ካሉሽ እስክሪብቶውን መልሺላቸው።